ከመቶ ዘጠና ሁለት ያመጣው ጭንቀታችን

ለክቡር አቶ አብሳሎም
የቡና ላኪ ድርጅታችን የጅማ ቅርንጫፍ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ከቢሮዎ ምንጣፍ ዳር ጫማውን አውልቆ ይግባልዎ። እንደምን ሰነበቱ? ጨጓራዎ፣ የደም ግፊትዎ፣ እንቅልፍዎ፣ ባለፈው ሰሞን ያስቸገረዎት አንገትዎም ጭምር ሁሉም ደኅና ናቸው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ስለ ጤናዎ ከመጨነቅ በስተቀር ደኅና ነኝ፤ መጨነቅ ደግሞ በእርስዎ ዘመነ አስተዳደር እንደ ማዕረግ የሚቆጠር ስለሆነ፣ እንኳን ደስ ያለሽ እንዲሉኝ በትሕትና እጠብቃለሁ።

ስሜ ሌንሳ ቱሉ ይባላል። ተወልጄ ያደግሁት ሸቤ ነው፤ አሁን እዚሁ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በድርጅታችን የቅምሻ ክፍል ረዳት ቀማሽ ነኝ። ሥራችንን ለማያውቁ አንባቢዎች ለመግለጽ ያህል፣ ከገበሬው የተረከብነው ቡና ከመጫኑ በፊት ናሙናው ተቆልቶና ተፈልቶ ይቀርብልናል፤ እኛም በማንኪያ ፉት ብለን፣ አጣጥመን፣ ባልዲ ውስጥ ተፍተን፣ ከመቶ ስንት እንደሚገባው ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንናገራለን። ለዚህ ሥራ ስል ሽቶ ትቻለሁ፤ ነጭ ሽንኩርት ትቻለሁ፤ ሚጥሚጣ ትቻለሁ። እናቴ በቀደም ቤት ሄጄ ወጡን ስገፋባት፣ “አንቺ ልጅ፣ ተምረሽ ነው ወይስ ታመሽ ነው እንዲህ የሆንሽው?” ብላኛለች። ሁለቱም ነው ለማለት አፈርኩ።

ይህንን ደብዳቤ በእጅዎ መስጠት ሲገባኝ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌና በቴሌግራም ማውጣቴ ድፍረት እንደሚመስል አውቃለሁ። ነገር ግን “በሬ ለማንኛውም ሠራተኛ ክፍት ነው” ብለው ካወጁ ወዲህ ደጋግሜ መጥቻለሁ፤ በሩ እንደ ቃልዎ ክፍት ነው፤ ወንበርዎም እንዲሁ ክፍት ሆኖ አገኘሁት። የድርጅታችንንም ስም እዚህ ያላነሣሁት፣ ለስሙ ከእርስዎ ይልቅ እኔ ስለምሳሳ ነው።

እንግዲህ ለዋሉልን ውለታ ሁሉ በቅደም ተከተል ላመስግንዎት።

አንደኛ፣ ስለ ሥልጠናው።

“የሥራ ላይ ጭንቀትን ማወቅና መቆጣጠር” የተሰኘውን ሥልጠና፣ የጭነት መኪናዎቹ ከበሩ እስከ አስፋልቱ በተሰለፉበት በዚህ ጥድፊያ መካከል፣ ያውም በእሑድ ቀን ስላዘጋጁልን እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። እረፍት ማጣት ዋነኛው የጭንቀት ምንጭ መሆኑን እንድንማር የእረፍት ቀናችንን መውሰድዎ፣ ትምህርቱን በተግባር የተደገፈ አድርጎታል። የቀረ ሰው የሁለት ቀን ደመወዝ እንደሚቆረጥበት ቀድመው ማስታወቅዎም፣ ገና ሳንገባ የመማሪያውን ርዕስ በሆዳችን ይዘን እንድንመጣ ረድቶናል።

አሠልጣኙ አቶ ዓለምብርሃን ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ትሑትና ደግ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው ቅሬታ የለኝም። ጥፋታቸው አንድ ነበር፤ እሱም የእሳቸው ጥፋት አይደለም። አዳራሹ ጆንያ ስለሞላው ሥልጠናው በቅምሻ ክፍላችን እንዲሆን እርስዎ አዘዙ፤ እዚያ ክፍል ሽቶ ተቀብቶ መግባት ክልክል መሆኑን ግን ለሰውየው የነገራቸው አልነበረም። እናም “ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ በአፍንጫችሁ በረጅሙ ሳቡ፤ ምን ይሰማችኋል?” ሲሉን፣ ናሙና የሚቆላልን አኒስ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ “ሎሚ፣ ትንሽ ቀረፋ፣ ከኋላው ደግሞ ስፒሪት ነገር፤ የመርካቶ ሽቶ ነው፣ ኦሪጅናል አይደለም አቦ” ብሎ መለሰ። ክቡር ሆይ፣ አኒስ ሊሳደብ ፈልጎ አይደለም። ሳቡ ከተባልን ያሸተትነውን መናገር ልማዳችን ነው። በማግስቱ የቀመስነው የጌራ ቡና በሙሉ ሎሚ ሎሚ ብሎን ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው ሠራነው። ጭንቀትን ስለ መቀነስ ከተሰጠ ሥልጠና በኋላ ሥራው እጥፍ ሲሆን ማየት ለእኔ አዲስ ዕውቀት ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቁጥሩ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ዓለምብርሃን እያንዳንዳችን ሥራው ምን ያህል እንዳስጨነቀን ከአንድ እስከ አሥር ባለው ቁጥር እንድንናገር ጠየቁን። አኒስ፣ “ጋሼ፣ እኛ ከአሥር ለምደን አናውቅም፤ ከመቶ ይሁንልን” አላቸው፤ እሳቸውም ፈቀዱ። የጥፋቱ ሥር ይኸው ነው። ከመቶ በተባልን ጊዜ ሁላችንም የቅምሻ ጠረጴዛ ላይ ያለን መሰለን፤ ፊታችንን እንደ ዳኛ ኮስተር አድርገን፣ ጮክ ብለን በየተራ ጠራን። አኒስ ሰማንያ አራት አለ፤ እኔ ሰማንያ ስምንት አልኩ። ዋናዋ ቀማሻችን አዴ ኩልሱም፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የጅማን ቡና ሲቀምሱ የኖሩት እናታችን፣ ትንሽ አሰብ አድርገው “ዘጠና ሁለት” አሉ።

እርስዎ በዚያች ቅጽበት ስልክዎን ጨርሰው ከግቢው ገቡ። ዘጠና ሁለት የምትለዋን ቁጥር ብቻ ሰምተው አጨበጨቡ። “ዘጠና ሁለት! የየት ነው? የጌራ ነው የጎማ?” ብለው ጠየቁ። አቶ ዓለምብርሃን ሊያስረዱዎት ሞከሩ፤ “የለም፣ ይሄ የአዴ ኩልሱም ነው” ከማለታቸው፣ እርስዎ ወደ አዴ ዞረው ሁለት እጃቸውን ጨበጡና፣ “ይሄ ነው የሥራ ተነሣሽነት!” አሉ። አሠልጣኙ አውሮፕላን ሊያመልጣቸው ነበር፤ እኛ ደግሞ አለቃ በሰው ፊት አይታረምም ተብለን ያደግን ልጆች ነን። ዝም አልን። ከዚህ ሁሉ ውለታ ውስጥ የእኛ ድርሻ ይህች ዝምታ ናት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት በር ላይ “የተነሣሽነት” ቁጥራችንን እንድንናገር፣ ከፍተኛው በሰሌዳ እንዲለጠፍ አዘዙ። ሥራ አስኪያጅ ሆነው ሠራተኛው ምን ያህል እንደተጨነቀ በየቀኑ የሚጠይቁ፣ መልሱን ሲሰሙም ደስ የሚላቸው፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው በአገራችን መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሠራተኛውም ቢሆን የሽልማት ነገር ሲሆን ተንኮል አያጣም፤ ሰንበትበት ሲል ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ሰባት ማለት ተጀመረ። የመጋዘኑ ዘበኛ አንድ ጠዋት በርጩማው ላይ ተቀምጦ ስልኩን እያየ “መቶ” ብሎ ነበር፤ ጨብጠውታል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሾፌራችን ስለ ፋሂም።

ፋሂም በቅርቡ አፊፋን አግብቶ፣ ጠዋት ጠዋት እየዘፈነ የሚመጣ፣ እውነተኛ ልጅ ነው። ተጠየቀ፤ “ሠላሳ” አለ። የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። አሁን ስልሳ አምስት ደርሷል፤ መዝፈኑንም ትቷል። ስለ መሻሻሉ አመሰግናለሁ።

አራተኛ፣ ስለ አዴ ኩልሱም ሽልማት።

የአዴ ፎቶ “የወሩ አርአያ ሠራተኛ” ተብሎ ከተለጠፈ በኋላ፣ አቅማቸው ከፍተኛ መሆኑ ስለተረጋገጠ በሚል የሸቤና የሊሙ ናሙናዎች ሁሉ ወደ እሳቸው ጠረጴዛ እንዲመጡ አደረጉ። ሦስተኛው ቀማሻችን መሳይ ባለፈው መስከረም ለቆ ሲሄድ የእሱም ድርሻ እሳቸው ላይ ወድቆ ነበር። ሰው ሲሸለም ጫና ይቀነስለታል የሚለው አጉል ልማድ በእርስዎ ዘንድ ቦታ እንደሌለው ከዚህ ተምረናል።

አሁን ቀልዱን ለአንድ አፍታ ላቁም።

በአንዱ ቀን አዴ እንደ ልማዳቸው ለሁላችንም ሽሮ ይዘው መጡ። አንድ ጉርሻ እንዳልኩ ወደ ውሃ ብርጭቆዬ ዞርኩ። አኒስ ግን ዝም የሚል ልጅ አይደለም፤ “አዴ፣ ይሄ ሽሮ ነው ወይስ አሞሌ ጨው?” አላቸው። እሳቸው ሳቅ ብለው፣ “ሂድ ወዲያ፣ እኔ እንዲያውም ጨው አነሰው ብዬ ነው የፈራሁት” አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። በቅምሻ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ንግግር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አዴ እንደገና ቀመሱ። ሌላም ቀመሱ። ከዚያ ምሳ ዕቃውን ቀስ ብለው ከደኑት።

ማታ አብረን ስንወጣ “ኢንተላ ኮ” ብለው እንደ ልጃቸው ጠሩኝ። “ቤትም እንዲሁ ነው፤ ማሂራ ልጄ ‘እማ፣ በማን ተናደሽ ነው ወጡን እንዲህ የምታደርጊው?’ ትለኛለች። ጠዋት የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ደኅና ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ውሃ ይለኛል። እንቅልፍም የለኝ። ወላሂ፣ ሳልቀምስ ቁጥር ከምጠራ ነግሬው ልረፍ።” እውነትም ነገሩዎት። በዚያ ሥልጠና ላይ “ምልክቱን ቶሎ ለዩ፤ ሳትደብቁ ለቅርብ ኃላፊያችሁ ንገሩ” ተብለን ነበር። ከመካከላችን ምክሩን በተግባር ያዋለ ሰው ቢኖር አዴ ኩልሱም ብቻ ናቸው።

የእርስዎንም መልስ እሳቸው በነገሩኝ መሠረት ልጥቀሰው፤ “ዘጠና ሁለት ያመጣ ሰው ምላሴ ደከመ ሊለኝ አይችልም፤ ሽልማቱ አነሰኝ ማለት ነው።” ከዚያ የምላስ ፈተና አዘዙባቸው፤ ሦስት ሲኒ ቀርቦ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ፣ የተለየውን ፈልጉ የሚባለውን። ፈተናው የተሰጠው የቀኑ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ በደከመ ምላስ ነበር። ወደቁ። ሰኞ እንደገና ይፈተናሉ፤ ከወደቁ ከቅምሻ ወጥተው ወደ ለቀማ ክፍል እንዲዛወሩ ወስነዋል። ለቀማ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፤ እዚያ ቡና የሚለቅሙ እናቶች ባይኖሩ እኛ የምንቀምሰው ነገር አይኖርም። ነገር ግን እኚህ ሴት በዚህች ከተማ የሚታወቁት በምላሳቸው ነው። ሐኪም ዘንድ ሄደው የታዘዘላቸው መድኃኒት እረፍት ይባላል። በጅማ መድኃኒት ቤቶች ሁሉ አይገኝም፤ ከእርስዎ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ፣ ፊርማ ከሚጠብቁት የፈቃድ ወረቀቶች ጋር ግን እንዳለ ሰምቻለሁ።

ይህን ሁሉ በአደባባይ የጻፍኩት በፈቃዳቸው ነው። “ጻፊው በቃ፤ አለቃው ካወቀ ቆይቷል፤ የቀረው ሕዝቡ ነው” ብለውኛል።

አምስተኛ፣ ስለ እኔ ዕድገት።

ትናንት በጸሐፊዎ በኩል አንድ ማንኪያ ላኩልኝ። ቀማሽ የራሱ ማንኪያ አለው፤ ከሰው ማንኪያ አይዋስም፤ የሰው ማንኪያም ለሌላ አይሰጥም። የላኩልኝ የአዴ ኩልሱም ማንኪያ ነው፤ ፈተናው ሳይደርስ። አብሮ የመጣው መልእክትም፣ ከሰኞ ጀምሮ በእሳቸው ወንበር እንደምቀመጥ፣ ደንባችን ደግሞ ሁለት ቀማሾች ለየብቻቸው ቀምሰው ካልተስማሙ ጭነት አይወጣም ስለሚል፣ “ሁለተኛውን ምላስ እኔ እሸፍናለሁ” ማለትዎን ይገልጻል። ክቡር ሆይ፣ ስለ መሥዋዕትነትዎ አመሰግናለሁ። በዚህ ቅርንጫፍ ከተመደቡ ጀምሮ ከሻይ በቀር ሲጠጡ አይቼ አላውቅም፤ እሱንም በአራት ስኳር።

እውነቱን ልናገር። ያንን ወንበር እመኘዋለሁ። ከተመረቅሁ ጀምሮ እንቅልፍ የሚነሣኝ ምኞት እሱ ነው፤ አንድ ቀን የሸቤን ቡና፣ የእነ አባቴን ቡና፣ ገዢዎች በተሰበሰቡበት ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጥሩን እኔ ልጠራው እፈልጋለሁ። ግን በጤነኛ ሰው ወንበር እንጂ በታመመ ሰው ወንበር አይደለም። ምክንያቱም ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሸክሙን ሳይነኩ ሰውየውን ብቻ ከቀየሩ፣ የሚመጣው ዓመት የምታመመው እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜም ማንኪያዬን ለሌላ ተመራቂ ይልኩላታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን እንደ ስድብ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ሲደወል እርስዎ ብድግ ብለው የኮትዎን ቁልፍ ይቆልፋሉ። የሚደውለው ሰው አያይዎትም፤ እኛ ግን በመስኮት እናያለን። ከዚያ ስልኩን ዘግተው ወደ እኛ ሲመጡ ጭነቱ ለምን አልወጣም እያሉ ይጮኻሉ። አቶ ዓለምብርሃን ከዘረዘሩልን ምልክቶች ውስጥ ስንቱን እርስዎ ላይ እንዳየሁ ለመናገር ሥርዓት አይፈቅድልኝም። እርስዎ ግን የሥልጠናውን ዕለት በስልክ ላይ ስለነበሩ ያን ዝርዝር አልሰሙትም። ብቻ፣ ከላይ ሲገፉ ታች መግፋት መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እርስዎ እስካሁን በዳኑ ነበር።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ይህ ነው። የአዴ ኩልሱም ፈተና ይለፍላቸው አልልም፤ ይዘግይ፤ አርፈው ይመለሱና ጠዋት፣ ባረፈ ምላስ ይፈተኑ። ያን ጊዜ ቢወድቁ እሳቸው ራሳቸው ማንኪያቸውን ያስረክባሉ፤ ይህን የሚያክል ኩራት እንዳላቸው አውቃለሁ። በመሳይ ቦታ ሰው ይቀጠር። ያ ሰሌዳ ይነሣ፤ የፋሂምም ማስጠንቀቂያ ይቀደድ፤ ደስ ብሎት የሚመጣን ሠራተኛ መቅጣት በየትኛውም ሃይማኖት አልተጻፈም።

ማንኪያውን ዛሬ ጠዋት ወደ ሰቶ ሰመሮ ከመመለሴ በፊት ለአዴ ኩልሱም ለራሳቸው አስረክቤያለሁ። ሰኞ ጠዋት ከሥራ ቦታዬ አልቀርም፤ በራሴ ወንበር፣ በረዳትነቴ እገኛለሁ፤ ናሙና እፈጫለሁ፣ ውሃ አፈላለሁ፣ ሲኒ አጥባለሁ። በአዴ ኩልሱም ወንበር ተቀምጬ ግን አልቀምስም፤ በምትካቸውም ቁጥር አልጠራም። ሥራ የጀመርኩ ቀን የነገሩኝን አስታውሳለሁ፤ “አትቸኩዪ፤ ቡናው ይቀዝቅዝ፤ ሲቀዘቅዝ ነው ውሸቱ የሚወጣው” ነበር ያሉኝ። ይህ ውሳኔዬም ትናንት ትኩስ ሳለ አልተጻፈም፤ አድሮ ቀዝቅዞ፣ ያው ሆኖ አገኘሁት።

መኪናዎቹ በር ላይ ናቸው፤ ደንቡም ሁለት ምላስ ይላል። አንዷ ምላስ ደክማለች፤ ሌላዋ ይህንን ደብዳቤ ጽፋለች፤ የቀረው የእርስዎ ነው።

ረጅም ዕድሜ፣ የታረፈበት እንቅልፍ፣ የማይቃጠል ጨጓራና ከዋናው መሥሪያ ቤት ጸጥ ያለ ስልክ እየተመኘሁልዎ፣ ከአክብሮት ሁሉ ጋር፣ በደመወዝ መክፈያዎ መጨረሻ ገጽ ላይ የምገኘው፣

ሌንሳ ቱሉ
ረዳት ቀማሽ (ይህ እስከሚነበብ ድረስ)
ጅማ፣ ጥር ወር 2018 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሠራተኛ ቢሮ ተጠርቶ እንደሚገሠጽ ሰምቻለሁ፤ በደስታ እመጣለሁ። ብቻ ከምሳ በፊት ያድርጉልኝ። ከሰዓት በኋላ ምላሴ ስለሚደክም፣ ቁጣዎ ስንት እንደሚገባው በትክክል መናገር ያቅተኛል፤ ያልቀመስኩትን ደግሞ ቁጥር አልሰጥም።